ፎቶግራፍ አይቶ ስለ መፍረድ

የሰው ልጅ የባልንጀራውን ልብ ለማወቅ ዘወትር ይመኛል። ልብ ግን በደረት ውስጥ ተሰውሮ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ወደ ልብ የሚያስገባውን በር ስንፈልግ መጀመሪያ የምናገኘው ፊትን ነው። ስለዚህ ፊቱ የፈካውን ደግ፣ ፊቱ የጠቆረውን ክፉ እያልን እንፈርዳለን። አባቶቻችን «ጥርስ ባዳ ነው» ሲሉ፣ የሳቀ ሁሉ ደስ ያለው አለመሆኑን አስተምረውናል። እኔ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎች ልነግራቸው የምፈልገው የዚህኑ ምሳሌ ሌላውን ወገን ነው፤ ይኸውም ያልሳቀ ሁሉ የተቆጣ አለመሆኑን ነው። ይህን ትምህርት ያገኘሁት በገዛ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ነው። ያገኘሁትም እጅግ ዘግይቼ ነው።

ቤቴ በአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ለቡ በሚባለው ሠፈር ይገኛል። እኔ ቤት ሠርቼ በገባሁ ጊዜ ዙሪያው ገና የእርሻ ማሳ ነበር፤ ዛሬ ግን ማሳው አልፎ የፎቅ ቤት በቅሎበታል። በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ጣቢያም ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ነው። አንድ ልጄ የሚኖረው ድሬዳዋ ስለ ሆነ ባቡሩ ለእኔ የዘመድ ያህል ነው። ባለፈው ክረምት ልጄ የዐሥራ አራት ዓመት ልጁን በዚሁ ባቡር ላከልኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አላስወጣን ብሎ ተቀምጠን ሳለን፣ ልጅቱ በስልኳ አንድ ሥዕል አሳየችኝ። ጠጕሩ የተንጨባረረ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ ያጣመረ፣ ዓይኑ ወደ ጎን ያየ አንድ ጎልማሳ ነው።

«አባባ፣ ይህ ሰው ማንን ተቆጥቶ ነው?» አለችኝ።

ሰውየውን ዐውቀው ነበር። ሮበርት ኮርኔሊየስ ይባላል፤ ፊላዴልፊያ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ የፋኖስ ሠሪ ልጅ ነበር። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ ጥበቡ ለዓለም በተገለጠበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1839፣ ኮርኔሊየስ ከቤተሰቡ ሱቅ በስተ ጓሮ ቆሞ የራሱን መልክ ራሱ አነሣ። በጀርባውም ይህ የመጀመሪያው የብርሃን ሥዕል ነው የሚል ቃል ጻፈበት። ዛሬ በአሜሪካ ከሚታወቁት የሰው ፎቶግራፎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይኸው ነው።

ለልጅቱም እንዲህ ብዬ አስረዳኋት። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ በወረቀት ላይ አይወጣም ነበር። ብር የተቀባ የመዳብ ሰሌዳ አሳምረው ይወለውሉና በአዮዲን ያጥኑታል፤ ከዚያም በሣጥኑ ውስጥ ከትተው ብርሃን ያሳዩታል፤ በመጨረሻም የሜርኩሪ ተን ሲነካው መልኩ ብቅ ይላል። ብርሃኑ ሰሌዳው ላይ እስኪታተም ድረስ ተነሺው ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ሳቅ ግን የመብረቅ ወንድም ነው፤ ብልጭ ብሎ ይጠፋል እንጂ ለደቂቃዎች ፊት ላይ አይቆምም። ለመሳቅ የሞከረ ሰው አፉ ይበላሽበታል። ደግሞም ሰሌዳው እንደ መስተዋት ቀኙን ግራ፣ ግራውን ቀኝ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ይህ ሰው ተቆጥቷል ለማለት አንችልም፤ እንዲያውም አዲስ ነገር ለመሥራት የጓጓ ሰው ይሆናል አልኋት።

ልጅቱ በጥሞና ሰማችኝና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች። በዚያ የአባቴ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ኮት ለብሶ፣ እጆቹን በጕልበቶቹ ላይ አኑሮ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ፣ ከንፈሩን ገጥሞ ተቀምጧል።

«ቅድመ አያቴስ?» አለችኝ።

እኔም ስጠየቅ ዘወትር የምሰጠውን መልስ ሰጠኋት። «እሱስ ቍጡ ሰው ነበረ። የእኛ ዘር ሳቅ አያውቅም» አልኋት።

እሷም ጥቂት ዝም አለችና፣ «አባባ፣ ለአሜሪካዊው ምክንያት ፈለጉለት፤ ለአባትዎ ግን አልፈለጉለትም» አለችኝ።

ወጣት አንባቢ ሆይ! ሽማግሌ ከሕፃን አፍ እውነት ሲሰማ የሚሰማውን እፍረት አንተም በጊዜህ ታየዋለህ። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። አባቴ የሞተው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ እኔም ያን ጊዜ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ድምፁን አላስታውስም፤ አካሄዱንም አላስታውስም። የማውቀው አባት ግድግዳው ላይ ያለው ብቻ ነው። ያም አባት አንድ ቀን ስቆልኝ አያውቅም። ስለዚህ አባትነት ማለት ቅንድብን ሰብስቦ መቀመጥ ነው ብዬ ዐደግሁ።

ክፋቱ ግን ከዚህ በኋላ ነው። እኔም በተራዬ አባት ስሆን እንደዚያው ሥዕል ሆንሁ። ልጄ ከክፍሉ ሁለተኛ ወጥቶ ካርዱን ባሳየኝ ቀን፣ «አንደኛው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት እንጂ እሰይ አላልሁትም። በሠርጉም ዕለት እንግዳው ሁሉ ሲስቅ እኔ እንደ ዳኛ ተቀምጬ ነበር። ሲያዝንብኝ «አያትህን ተመልከት፤ የእኛ ወግ ይህ ነው» እለው ነበር። ሥራ ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ከደጃፍ ላይ ዘወር ብሎ፣ «አባባ፣ የዚህ ቤት አባቶች ሁለቱም ግድግዳ ላይ ናቸው» ብሎኝ ሄደ። ነገሩ ያን ጊዜ ስድብ መሰለኝ፤ አሁን ግን ለቅሶ እንደ ነበር ገባኝ።

በነጋታው ከልጅቱ ጋር ሆነን ያልሳቁ ሰዎችን ሌሎች የቆዩ ፎቶግራፎች እንፈልግ ጀመር። ያገኘናቸውንም ከዚህ ቀጥዬ እነግራችኋለሁ፤ ፊታቸው አንድ ሲመስል ምክንያታቸው ምን ያህል እንደሚለያይ ያሳያሉና።

ከእነዚህ አንዱ ሬንቲ ይባላል። ሬንቲ በደቡብ ካሮላይና አገር የጥጥ እርሻ ባለው ጌታ ሥር በባርነት የሚኖር፣ ከኮንጎ የመጣ ነው ተብሎ የተመዘገበ ሽማግሌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1850 ጆሴፍ ዚሊ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ኮሎምቢያ በምትባለው ከተማ ልብሱን አስወልቆ አነሣው። ሥራውን ያዘዘው ሉዊ አጋሲ የሚባል ስመ ጥር የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። የፕሮፌሰሩ ሐሳብ ጥቁርና ነጭ ከአንድ ምንጭ አልተፈጠሩም የሚለውን የሐሰት ትምህርት በሥዕል ለማስረዳት ነበር። ሬንቲ ተነሣ ሲሉት ተነሣ፤ አውልቅ ሲሉት አወለቀ፤ እንቢ ለማለት ሥልጣን አልነበረውምና። ሰሌዳዎቹም እ.ኤ.አ. በ1976 ከሐርቫርድ ሙዚየም ጣራ ሥር እስኪገኙ ድረስ ተረስተው ኖሩ። የሬንቲ ዘር ነኝ ያለች ታማራ ላኒየር የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ2019 ሥዕሉ ለቤተሰቡ ይመለስ ብላ ከሰሰች። ከብዙ ክርክርም በኋላ፣ በ2025፣ ሰሌዳዎቹ በደቡብ ካሮላይና ወደሚገኝ የአፍሪካውያን አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲሄዱ ስምምነት ሆነ።

እንግዲህ አስተውሉ። ፕሮፌሰሩ ያንን ፊት አይቶ «እነሆ የበታች ዘር» አለ። ዛሬ እኛ ያንኑ ፊት አይተን «እነሆ የተበደለ ሰው» እንላለን። ሰሌዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ተመልካቹ ነው። ሥዕል በራሱ አፍ የለውም፤ አንደበት የምንሰጠው እኛ ነን።

ሌላው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1838 ያመለጠ፣ በኋላም በንግግሩና በብዕሩ ባርነትን የተዋጋ ታላቅ ሰው ነው። ይህ ሰው 160 ያህል ልዩ ልዩ ፎቶግራፍ ተነሥቷል፤ በዚያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ ሰው ሁሉ የበለጠ የተነሣ እርሱ ነው ይባላል። ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ ፊቱ ኮስታራ ነው። ምክንያቱም በዘመኑ ነጮች በጋዜጣና በቲያትር ጥቁሩን ባሪያ በባርነቱ ደስ ብሎት ሲስቅ አድርገው ይሥሉት ነበርና፣ ዳግላስ ያን ሐሰት በራሱ መልክ ሊያፈርስ አስቦ ነው። እንግዲህ የኮርኔሊየስ ፊት በሰሌዳው ዝግታ ምክንያት አልሳቀም፤ የሬንቲ ፊት ተገዶ ነው፤ የዳግላስ ፊት ግን ወድዶና መርጦ አልሳቀም። ሦስቱን ጎን ለጎን አኑሮ ምክንያታቸውን ሳይጠይቅ «ሦስት ቍጡዎች» የሚል ሰው ምን ያህል ይሳሳታል!

አራተኛው ፎቶግራፍ ወደ ገዛ አገራችን ይመልሰናል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ፣ የእንግሊዝ ጦር የሰባት ዓመት ልጃቸውን ደጃዝማች ዓለማየሁን ይዞ ወረደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አብረው ሲጓዙ በግንቦት ወር በትግራይ መንገድ ላይ ዐረፉ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። ሕፃኑ በሁለት ወር ውስጥ አባትም እናትም አጥቶ ባሕር ተሻገረ። አሳዳጊው ሆኖ የተሾመው አማርኛ የሚያውቀው ግዙፉ መኰንን ሻምበል ስፒዲ ነበር፤ የአገራችን ሰው «ባሻ ፈለቀ» ይለዋል። በዚያው በጋ፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868፣ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት የምትኖረው ወይዘሮ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ሕፃኑን ፎቶግራፍ አነሣችው።

ይህች ወይዘሮ ፎቶግራፍ ማንሣት የጀመረችው በአርባ ስምንት ዓመቷ፣ ልጇ የሥዕል ሣጥን በሰጠቻት ጊዜ ነው። የምትሠራውም በመስታወት ሰሌዳ ነበር። የፊት ጠርዙን ለስለስ፣ ደብዘዝ አድርጋ ማንሣት ትወድ ነበርና ሥራዋ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይጠበቃል። በሥዕሉ ላይ ዓለማየሁ እንደ አገሩ ሰው ነጭ ልብስ ለብሶ ይታያል። ፊቱ ትንሽ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ትልልቅ ናቸው።

ኢትዮጵያዊ ሆኖ ይህን ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው ልቡ ሳይነካ አይቀርም። እኔም «የወላጅ አልባው ኀዘን እነሆ ከፊቱ ላይ ይነበባል» ብዬ ለልጅቱ ልነግራት ነበር። ነገር ግን አፌን ያዝሁ። ወይዘሮዋ ያነሣቻቸውን የእንግሊዝ ሕፃናት ብንመለከት እነሱም ያዘኑ ይመስላሉ። እናታቸው ከአጠገባቸው ሆና ሳለ ብዙ ደቂቃ አትነቃነቁ ስለ ተባሉ ብቻ እንደዚያ ሆነዋል። ልብሱንም ብናይ ለእንግሊዝ ተመልካች የሩቅ አገር ልዑል ሆኖ እንዲታይ የተመረጠ ነው፤ በዚያ ወራት ከመቅደላ የመጣውን ልጅ መልክ ለማየት የሚጓጓ ሕዝብ ነበርና። እንግዲህ ኀዘኑን የነገረን ፊቱ ነውን? አይደለም፤ ታሪኩ ነው። የመቅደላን ውድቀትና የእናቱን መቃብር የምናውቅ ስለ ሆንን ነው ፊቱን ማንበብ የቻልነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ግን ያኰረፈ ልጅ ብቻ ያያል።

የኋላ ታሪኩም ይህንኑ ያጸናል። ዓለማየሁ ከታወቁት የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ገባ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ትጠይቀውና ታስብለት ነበር። ይሁን እንጂ በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ታሞ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሞተ። በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። አገሩ ዐፅሙ ይመለስልኝ ብላ ብትለምንም እ.ኤ.አ. በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አልፈቀደም፤ በዚያው ዓመት የተመለሰው ከራሱ የተቈረጠ አንድ ዘለላ ጠጕር ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስንጨርስ ልጅቱ ዳግመኛ ወደ ግድግዳው አየች፤ ነገር ግን ምንም አልተናገረችም። እኔም ምን እንደሚቀረኝ ዐወቅሁ። ስለ ፊላዴልፊያው ሰውና ስለ ካሮላይናው ሽማግሌ የጠየቅሁትን ያህል ስለ አባቴ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር። የአባቴ ታናሽ እኅት ግን በሕይወት አለች፤ ጉለሌ ትኖራለች። ፎቶግራፉን ከነመስታወቱ አውርደን፣ በነጠላ ጠቅልለን ሄድን።

አክስቴ ሥዕሉን በጕልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ ጠረገችውና ሳቀች። እኔ ለቅሶ ስጠብቅ እሷ ሳቀች።

«እትዬ፣ ምን ያስቅሻል?» አልኋት።

«ይህን ቀን እኮ አብሬ ነበርሁ» አለችኝ። «በ1957 ፒያሳ ካለ ፎቶ ቤት ወሰደን። ኮቱ የራሱ አይደለም፤ የፎቶ ቤቱ ነው። አንተ ሦስት ዓመትህ ነው፤ እኔ ይዤህ ከፎቶግራፍ አንሺው ጀርባ ቆሜአለሁ። ሰውየው ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ጎንበስ ሲል አንተ አመለጥኸኝና አብረኸው ከጨርቁ ሥር ገባህ። ወንድሜ ሳቁን አይችልም፤ ፈነዳ። ሰውየው ተቆጣ፤ 'ጌታዬ፣ ሰሌዳ ታበላሽብኛለህ፤ ሁለተኛ ብትስቅ ሂሳቡ እጥፍ ነው' አለው። ለሁለተኛ የሚሆን ገንዘብ የት አለና! እንግዲያው ከንፈሩን ነክሶ፣ ቅንድቡን ሰብስቦ እንዲህ ሆነ። አየኸው? ይኸ እኮ ሳቅ ነው፤ የታፈነ ሳቅ።»

እንደገና ተመለከትሁት። ቅንድቡ ያው ነው፤ ከንፈሩም ያው ነው። በጕንጩ ላይ ግን ስልሳ ዓመት ያላየሁት አንድ ስርጓጕት አለ። አባቴ የሚመለከተው ወደ ሣጥኑ አይደለም፤ ከሣጥኑ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ሊቆም ወደሚችልበት ስፍራ ነው።

አንባቢዬ፣ ይህን ስነግርህ ምስክሬ አንዲት አሮጊት ብቻ እንደ ሆነች ዐውቃለሁ። ትዝታም እንደ ሥዕል ነው፤ እያደር ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ቀኙን ግራ ያደርጋል። ነገር ግን ስልሳ ዓመት ሙሉ ያለ አንድ ምስክር አባቴን ጨካኝ ብዬ የፈረድሁበት እኔ፣ በአንድ ምስክር ነጻ ብለቀው ፍርዱ አደላ የሚለኝ ማን ነው?

ከዚህ ነገር የተማርሁትን በአጭሩ ልንገራችሁ። የሰውን ሥዕል ባያችሁ ጊዜ ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትፍረዱ። መጀመሪያ፣ ይህን ሥዕል ያነሣው ማን ነው? ለምንስ ፈለገው? ሬንቲን ያስነሣው ሬንቲ አልነበረምና። ሁለተኛ፣ እንዴት ተነሣ? መሣሪያውና ገንዘቡ ምን አስገደደው? የኮርኔሊየስ ሰሌዳና የአባቴ ኪስ ሁለቱም ሳቅ ከልክለዋልና። ሦስተኛ፣ ከዚያች ቅጽበት በፊትና በኋላ ምን ሆነ? ዓለማየሁን ያለ መቅደላ ማንበብ አይቻልምና። ይህን ጠይቃችሁ መልስ ካጣችሁ፣ «አላውቅም» ማለት ከሐሰተኛ ፍርድ እጅግ የከበረ ነው። ይህ ሕግ ለሞቱት ብቻ አይደለም። በዚህ ዘመን የሰው ሁሉ መልክ በየስልኩ ይዞራል፤ እናንተም በቀን ስንቱን አይታችሁ በስንቱ ላይ ትፈርዳላችሁ! የዛሬው ፊት ፈገግታ የበዛበት ነው፤ ግን የበዛው ፈገግታ ደስታ ለመሆኑ ማን ዋስ ይሆናል?

ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ በሥዕል ላይ የፈረዳችሁትን ፍርድ ለራሳችሁ ጠባይ ምክንያት አታድርጉት። እኔ ለልጄ ያልሳቅሁት በአባቴ አሳብቤ ነው፤ አባቴ ግን በእኔ ስቆ ነበር።

በዚያው ማታ ወደ ድሬዳዋ ደውዬ አክስቴ ያለችውን ሁሉ ለልጄ ነገርሁት። ጥፋቱም የእኔ እንጂ የአያቱ እንዳልሆነ ነገርሁት። ልጄ ለብዙ ጊዜ ዝም አለ፤ መስመሩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ድረስ ዝም አለ። በኋላም፣ «ልጅቱን ልወስድ ራሴ እመጣለሁ» አለኝ።

በቀኑ ወደ ባቡር ጣቢያው ሄድሁ። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ይዞ ሲወርድ ልጄን ከሩቅ አየሁት። ፊቱ ኮስታራ ነበር። ቀድሞ ቢሆን «እንደ ተቆጣ መጣ» እል ነበር፤ አሁን ግን ምንም አላልሁም። ቀረብ ብዬ «ደኅና ገባህ ልጄ? መንገዱ አደከመህ?» ብዬ ጠየቅሁት።